እርማት፦ ሽጉጡ በርሜል ላይ ያለው ቀን የተሠራበት ዓመት አይደለም

ወንድሜ፣ ሱሉልታ ያየኸው ስሚዝ ኤንድ ዌሰን የሚባለው አሜሪካ ሠራሽ ሪቮልቨር ሽጉጥ በርሜሉ ላይ «ዲሴምበር 29፣ 14» ስለሚል በፈረንጅ በ1914 የተሠራ አንቲክ ነው ያልከው ልክ አይደለም፣ ብዙ ሰው እዚች ጋ ነው የሚሸወደው። እሱ የፓተንት፣ ማለትም የፈጠራ መብቱ የተመዘገበበት ቀን ነው። ፋብሪካው ያንኑ ጽሑፍ ለዓመታት ሲመታው ስለኖረ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በተሠራውም ላይ ታገኘዋለህ። ዘመኑን የሚነግርህ ሲሪያል ቁጥሩ ነው፣ እጀታውን ገልብጠህ ከታች እየው፣ ከቁጥሩ ፊት ቪ የሚለው የላቲን ፊደል ካለ ቪክትሪ የሚባለው ሞዴል ነው፣ በፈረንጅ ከ1942 እስከ 1945 በገፍ የተመረተ፣ እና ሻጩ እንደሚለው ብርቅ ምናምን አይደለም። ያው ቁጥር ሲሊንደሩ (ጥይት የሚጎርሰው ተሽከርካሪ ክፍል) ኋላና በርሜሉ ሥር ካልተደገመ ደግሞ ከሌላ ሽጉጥ ተገጣጥሟል ማለት ነው፣ ዋጋ ቀንስ።

እንደ ሠርግ ማንኪያ ቢያብለጨልጭም እንዳትሸወድ፣ የቪክትሪ ኦሪጅናል ቀለሙ ደብዘዝ ያለ ግራጫ ነው፣ ኒኬል የተነከረውን ሰብሳቢ እንደ ተበላሸ ነው የሚያየው።

ጥይቱን ግን በደንብ አጣራ። ለእንግሊዞች የተላኩት ቪክትሪዎች ለ38 ስሚዝ ኤንድ ዌሰን ጥይት ነበር የተሠሩት፣ ከጦርነቱ በኋላ ብዙዎቹን 38 ስፔሻል የሚባለውን ሌላ ጥይት እንዲጎርሱ ቦረቦሯቸው፣ ጥይቱ የሚገባበት ጉድጓድ ግን ከመጀመሪያውም ለዚህኛው ሰፊ ስለነበር ቀለሁ ሲተኮስ ያብጣል አንዳንዴም ይሰነጠቃል።

ደሞ በአዋጅ 1177/2012 ሽጉጥ ያለ ፈቃድ መግዛትም መሸጥም ክልክል ነው፣ ሻጩ «ወረቀቱ በኋላ ይደርሳል» ካለህ ዋጋ እንኳን አትከራከር፣ ተወው።