«በቂ ቦታ የለም» ያለው ስልኬ

የእህቴ ልጅ ለመጀመሪያ ጊዜ ያለ ድጋፍ ቆሞ ሊራመድ ሲል ስልኬን መዥርጬ አወጣሁ። አንድ እርምጃ፣ ሁለት፣ ከዚያ ስክሪኑ ላይ ድንገት «በቂ ቦታ የለም» አይልም? ቀረጻው ቀጥ አለ። ሦስተኛውን እርምጃ በዓይኔም አላየሁት፣ ስልኩ ላይ አፍጥጬ ነበር።

በንዴት ጦፌ ፎቶ ማጥፋት ጀመርኩ። አንጀቴ እየተላወሰ ወደ 300 የሚጠጉ ሰረዝኩ። ቦታው ንቅንቅ አላለም! ለካ የሰረዝኩት ሁሉ ጋለሪው ውስጥ ያለች የቆሻሻ ቅርጫት ገብቶ 30 ቀን ሊተኛ ነው። ቅርጫቷንም ካላጸዳችሁ ቦታ አይለቀቅም። አንድ ፎቶ ሁለቴ መግደል ማለት ነው።

ደግሞ እኮ 64 ጂቢ ተብሎ የተገዛ ስልክ ነው። ፋብሪካው በ1000 እያባዛ ይቆጥራል፣ በ1024 ሲቆጠር ያው 64 ወደ 59.6 ይወርዳል። በዚያ ላይ ሲስተሙ ገና ከካርቶኑ ሲወጣ የራሱን ድርሻ ይዟል። ኪራይ የማይከፍል ደባል።

ዋናው ሌባ ግን ሌላ ነው። ሴቲንግ ገብቼ አፖቹን በመጠን ስደረድር፣ ቻት የማደርግበት አፕ 19 ጂቢ ይዞ ቁጭ ብሏል። አስራ ዘጠኝ! አውቶ ዳውንሎድ የሚሉት ነገር በርቶ ኖሮ፣ ከፍቼ የማላውቃቸው ግሩፖች ቪዲዮ ሁሉ ስልኬ ላይ ሲራገፍ ከርሟል። አንዲት «መልካም ቀን» የምትል አበባ ብቻዋን አራት ቦታ አገኘኋት። እኔ የእህቴን የሠርግ ፎቶ ሳጠፋ፣ እሱ የማላውቀው ሰው የላከውን አበባ ይቀልባል። ታዲያ ማስጠንቀቂያው ሲመጣ «ፎቶ ሰርዝ» ከሚለኝ «ይሄ አፕ ነው የበላህ» ቢለኝ ምን ነበረበት?

ጓደኛዬ ደግሞ «ክሊር ዳታ በለው» ብሎ መከረኝ። እግዜር ይይለትና በሌላ አፕ ሞክሬው የጻፍኳቸው ማስታወሻዎች ድራሻቸው ጠፋ። ክሊር ካሽ ጊዜያዊ ትርፍራፊውን ብቻ ነው የሚያነሳው። ክሊር ዳታ ግን አፑን ልክ ዛሬ እንደተጫነ ያደርገዋል። እነዚህን ሁለት ቁልፎች ጎን ለጎን ያስቀመጠው ሰው የሰው ጠላት መሆን አለበት።

ካሜራውም የዋዛ አይደለም። ሳላውቅ 4ኬ በሚሉት ከፍተኛ የቪዲዮ ጥራት ላይ ነበር ለካ። ከፉል ኤችዲ አራት እጥፍ ፒክስል ነው፣ አንድ ደቂቃው በቀላሉ 300 ሜጋ ሊያልፍ ይችላል። ይህን ሁሉ ጥራት የማየው መዳፌን በምታህል ስክሪን ነው። ወደ ፉል ኤችዲ መለስኩት።

አውቶ ዳውንሎዱን አጠፋሁ፣ የአፑን ካሽ ጠረግኩ፣ ቅርጫቷን ባዶ አደረግኩ። አሁን ከ20 ጂቢ በላይ ክፍት ቦታ አለኝ። ትናንት ካሜራውን ደግኜ «ና፣ ተራመድ» ስለው ልጁ ዱብ ብሎ ተቀመጠና ስልኩን ስጠኝ ብሎ እጁን ዘረጋ።