የፕላስቲክ ጉጉት እርግብን ብዙ አያታልልም
እርግብን ከቤት ስለማራቅ የወጣው ጽሑፍ ጣሪያ ላይ የፕላስቲክ ጉጉት ማቆም «ዘላቂ መፍትሔ» ነው ማለቱ ላይ አልስማማም። ሞክሬዋለሁ። የመጀመሪያዎቹን ቀናት እርግቦቹ ዝር አላሉም። በሁለተኛው ሳምንት ግን አንዷ መጥታ ጉጉቱ አናት ላይ ቁጭ አለች። ወፎች የማይንቀሳቀስ ነገር እንደማይጎዳቸው ቶሎ ይገባቸዋል፤ የሚያብለጨልጭ ሲዲ ብትሰቅሉም ያው ነው። እኔ ለውጥ ያየሁት ምግባቸውን ሳነሳ ነው፤ የውሻው ሳህን እንደበላ ወዲያው ይነሳል፣ የቆሻሻው በርሜል ይከደናል። ከዚያ ወፎቹ የሚገቡበትን በመረብ መሸፈን ነው። ለእርግብ 5 ሴንቲ ሜትር ቀዳዳ ያለው ይበቃል፣ ለድንቢጥ ግን ከ2 ሴንቲ ሜትር ያነሰ ያስፈልጋል። በደንብ ይወጠር፤ ከላላ ወፏ እግሯ ተጠላልፎ ተንጠልጥላ ትቀራለች። ጽሑፉ ጭራሽ ያላነሳው ደግሞ የጎጆውን ነገር ነው። ከጣሪያው ሥር ያለውን ክፍተት ከመዝጋታችሁ በፊት እባካችሁ በባትሪ ውስጡን እዩ። እርግብ እንቁላሏን 18 ቀን ገደማ ትታቀፋለች፤ ጫጩቶቹ ለመብረር ደግሞ ከ4 እስከ 5 ሳምንት ይፈጅባቸዋል። የሚመግቧቸው እናትም አባትም ናቸው። ቀድማችሁ ከደፈናችሁት ጫጩቶቹ እዚያው በረሃብ ያልቃሉ። ትንሽ ጠብቁ፣ በርረው ሲወጡ ዝጉት። እርግቦቹ የሚያርፉበት ቦታ ላይ «ሙጫ ቀቡበት» ብለው ከጽሑፉ ሥር ለጻፉት አስተያየት ሰጪ፦ እባክዎ ይህን ለሰው አይምከሩ። ለእርግብ ተብሎ የተቀባ ሙጫ ትናንሾቹንም ወፎች ይይዛል። ላባዋ የተጣበቀ ድንቢጥ አይቻለሁ፤ በተንፈራገጠች ቁጥር ይብስ ይጣበቅባታል።