ለልብ ቀዶ ሕክምና እናዋጣለን፤ ለቶንሲሉስ?

ባለፈው ሳምንት ታክሲ ውስጥ ከፊቴ ባለው ወንበር ጀርባ ላይ የአንዲት ልጅ ፎቶ ተለጥፎ ነበር። 11 ወይም 12 ዓመት ቢሆናት ነው። ከሥሩ የባንክ ሒሳብ ቁጥርና «ልቧ ቀዶ ሕክምና ካልተደረገለት» የሚል ጽሑፍ አለ። እንዲህ ያለ ወረቀት ያላየ የአዲስ አበባ ሰው ያለ አይመስለኝም። ቴሌግራሙም ቲክቶኩም በዚሁ ተሞልቷል። ሰዉም ይሰጣል፤ አምሳም መቶም ይልካል። መዋጮውን ልነቅፍ አይደለም፣ እኔም ልኬያለሁ።

የሚያንገበግበኝ ሌላ ነገር ነው። የልብ ችግር ይዘው የሚወለዱ ልጆች አሉ። ሌሎች ብዙዎች ግን ጤነኛ ልብ ይዘው ተወልደው፣ በኋላ ቶንሲል ታመው ነው እዚያ ወረቀት ላይ የወጡት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ስትሬፕቶኮከስ የሚባል ባክቴሪያ የልጁ ጉሮሮ ላይ ያርፋል። ልጁ ያተኩሰዋል፣ ምራቁን መዋጥ ያቅተዋል፣ በአራት በአምስት ቀን ይሻለዋል። ባክቴሪያውን ሲዋጋ የነበረው የሰውነት መከላከያ ግን አንዳንዴ የራሱን ወገን ከጠላት መለየት ይሳነዋል። ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ቆይቶ ጉልበት ያብጣል፤ እሱ ሲተው ቁርጭምጭሚት ይቀጥላል። እኛ «ብርድ መቶት ነው» እንላለን። ያም ያልፋል። የልብ ቫልቭ (ደም የሚያልፍበት በር) ላይ የቀረው ጠባሳ ግን አያልፍም። የድሮ ሐኪሞች ይህን በሽታ «መገጣጠሚያን ይልሳል፣ ልብን ይነክሳል» ይሉት ነበር። የሕክምና ስሙ ሩማቲክ የልብ ሕመም ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በዓለም ላይ ወደ 55 ሚሊዮን ሰው አለበት፤ በዓመት 360 ሺህ ያህል ሰው ይገድላል። ሀብታም አገሮች በአብዛኛው ከረሱት ቆይተዋል። እኛ ዘንድ፣ በስድስት አካባቢዎች ከ3 ሺህ በላይ ተማሪዎች ልባቸው በኢኮ (በልብ አልትራሳውንድ) ታይቶ እ.ኤ.አ. በ2016 በወጣ ጥናት፣ ከ1 ሺህ ተማሪ 19 ያህሉ ላይ ተገኝቷል። በአንድ ትልቅ ትምህርት ቤት ስንት እንደሚሆን አስቡት። አብዛኞቹ ደግሞ ኳስ እየተጫወቱ ነው፤ ምንም አያውቁም።

አሁን ወደ ጎረቤት አገር ልውሰዳችሁ። በሰሜን ዩጋንዳ፣ ጉሉ አካባቢ፣ ሐኪሞች ከ102 ሺህ በላይ ልጆችን ልብ በኢኮ አዩ። ዕድሜያቸው ከ5 እስከ 17 ነው። በሽታው ገና ድብቅ የሆነባቸውን፣ ማለትም ቫልቩ ላይ ትንሽ ምልክት ኖሮ ሕመም ያልተሰማቸውን ለዩና በዕጣ ለሁለት ከፈሏቸው። አንደኛው ቡድን ባክቴሪያው ዳግም እንዳይዘው ለሁለት ዓመት በየአራት ሳምንቱ ቤንዛቲን ፔኒሲሊን (ሰውነት ውስጥ ለሳምንታት የሚቆይ ፔኒሲሊን) ተወጋ። ሌላው አልተወጋም፤ ክትትል ብቻ ተደረገለት። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2021 መጨረሻ ላይ ወጣ። ካልተወጉት መካከል በሽታው የባሰባቸው 33 ልጆች ናቸው፣ 8.2 በመቶ። ከተወጉት ግን 3 ልጆች ብቻ፣ 0.8 በመቶ።

33 ለ3። መድኃኒቱ ደግሞ አዲስ ግኝት አይደለም፤ አያቶቻችን የሚያውቁት ያው ፔኒሲሊን ነው።

እውነቱን ለመናገር ጥናቱ ሁሉንም አልመለሰም። ካልተወጉትም ግማሽ ያህሉ ልጆች በራሳቸው ጊዜ ተሻሽለዋል። አንድ ልጅ እንዳይብስበት ለማድረግ 13 ያህል ልጆች ለሁለት ዓመት መወጋት አለባቸው። ስለዚህ «ነገ ሁሉም ተማሪ ኢኮ ይነሣ» ብዬ አልጮህም። ማን ያነሣዋል? በየትኛው ማሽን? ግን ቢያንስ በሽታው እንዳለባቸው አስቀድመን ያወቅናቸው ልጆች መርፌያቸውን ሳያቋርጡ ማግኘት አለባቸው። ችግሩም እዚህ ጋ ነው።

የጎረቤቴ ልጅ አንዷ ናት። አራተኛ ፎቅ ስትወጣ ሦስተኛው ላይ ትቀመጥ ነበር፤ ታወቀባትና መርፌ ታዘዘላት። እናቷ ቀኑን እንዳትረሳ ከሚካኤል ጋር አሰረችው። በየወሩ በ12፣ ቤተ ክርስቲያን ተሳልመው ወደ ጤና ጣቢያ። እኔም «ጎበዝ!» ብያት ነበር። በኋላ ስናሰላው ግን የእኛ ወር 30 ቀን ነው፣ መርፌው ደግሞ የታዘዘው በ28 ቀን። በየወሩ ሁለት ቀን ይዘገያል። ከነሐሴ 12 እስከ መስከረም 12 ደግሞ ጳጉሜ ገብታ 35 ቀን ይሆናል። መድኃኒቱ ደም ውስጥ ከአራት ሳምንት በፊት ጀምሮ ስለሚሳሳ፣ ልጅቷ የአዲስ ዓመትን የመጀመሪያ ቀናት የምታሳልፈው ያለ በቂ መከላከያ ነው። ይህን ለእናቲቱ የነገራት የጤና ባለሙያ አልነበረም። ካርዱ ላይ የተጻፈው «በየወሩ» ነው።

ሌላም ነገር አየሁ። አንድ ጊዜ ወደ ሌላ ጤና ጣቢያ ሄደው «እኛ ይህን መርፌ አንወጋም» ተባሉ። ለምን? «ሰው ይሞትበታል።» ፍርሃቱ ከመሬት የተነሣ አይደለም። ተወግተው ወዲያው የሞቱ ሕሙማን በተለያዩ አገሮች ታይተዋል። የአሜሪካ የልብ ማኅበር በ2022 እ.ኤ.አ. ባወጣው ምክር ግን፣ ከእነዚህ ሞቶች ብዙዎቹ የአለርጂ አይመስሉም ብሏል። ልባቸው አስቀድሞ ክፉኛ የደከመ ሰዎች በሕመሙና በድንጋጤው የደም ግፊታቸው ወርዶ ሳይሆን አይቀርም። ለእነሱ የሚዋጥ ፔኒሲሊን ይሻላል ተብሏል። እንደ ጎረቤቴ ልጅ ገና በጅምሩ ላይ ላሉት ግን ይህ ስጋት በጣም ትንሽ ነው። በዩጋንዳው ጥናት በሺዎች ከሚቆጠሩት መርፌዎች መካከል የተመዘገበው ድንገተኛ አለርጂ አንድ ነው፤ እሱም ቀላል። ነርሷን አልወቅስም። ማንም ይህን ሳይነግራት፣ ለድንገተኛው የሚሆን አድሬናሊን ሳይሰጣት፣ «ውጊ» ማለት በእሷ ላይ ማሳበብ ነው።

መርፌው ደግሞ ያማል። መድኃኒቱ ወፍራም ነው፤ ሲበጠበጥ ወተት ይመስላል፣ መርፌው ውስጥ ይደፈናል። ልጅቷ ከመወጋቷ በፊት በነበረው ሌሊት እንቅልፍ አትተኛም። ኒውዚላንድ ውስጥ ማደንዘዣ ቀላቅለው ይሰጣሉ። አውስትራሊያ፣ ፐርዝ ላይ ደግሞ ብዙ መጠን ከቆዳ ሥር ቀስ ብሎ እንዲገባ አድርገው ወደ ሦስት ወር እንደሚቆይ በጤነኛ ጎልማሶች ላይ ሞክረዋል። ደስ ይላል። እስከዚያ ግን እኛ ያለን የወሩ መርፌ ነው፤ እሱም መድኃኒት ቤት ሲጠፋ ወራት ይጠፋል።

ከሁሉ በፊት ግን ቶንሲሉ አለ። ለጉሮሮ በቤታችን ዳማከሴ አለ፣ ዝንጅብል በማር አለ። ሕመም ካስታገሡ እሰየው፣ ባክቴሪያውን ግን አይገድሉም። «እንጥሉ ወርዷል» ብሎ ሕፃን ማስቆረጥ ደግሞ ለልቡ የሚያደርግለት ነገር የለም፤ ደም ያፈሰዋል እንጂ። አሞክሳሲሊን ገዝተን በሦስተኛው ቀን ሲሻለው እናቆማለን፤ የቀረውን ለታናሹ እናስቀምጣለን። የታዘዘው ለ10 ቀን ነው። በ1950 እ.ኤ.አ. ዋዮሚንግ ውስጥ ባለ የአሜሪካ የጦር ሰፈር፣ ጉሮሯቸው የታመመ ወታደሮች ፔኒሲሊን ሲሰጣቸው ይህ መዘዝ የሚመጣባቸው በጣም ጥቂት እንደሆኑ ታይቷል። ሕመሙ በጀመረ በ9 ቀን ውስጥ እንኳ ቢጀመር ይከላከላል። 9 ቀን ትልቅ ዕድል ነው። እርግጥ ጉሮሮ ሁሉ የባክቴሪያ አይደለም። ጉንፋንና ሳል አብሮት ካለ አብዛኛውን ጊዜ ቫይረስ ነው። ሳል የሌለው፣ ትኩሳት ያለው፣ አንገቱ ሥር እጢ ያበጠበት ልጅ ግን ይታይ።

የመምህራንና የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ሥልጠና ላይ አንድ ሰዓት ለዚህ ቢሰጥ ምን ያህል ያስወጣል? ከአንድ ቫልቭ ቅየራ ጋር አወዳድሩት። በጥቁር አንበሳ ግቢ ያለው የልብ ሕሙማን ሕፃናት ማዕከል ወረፋው በሺዎች የሚቆጠር ነው፤ ቀዶ ሐኪሞቹ ሌት ተቀን ቢሠሩ እንኳ ከታች የሚጨመረው አያልቅላቸውም።

ጎረቤቴን «ሚካኤልን ተይው፣ በየአራት ሳምንቱ ቅዳሜ አድርጊው» አልኳት። ቅር አላት። ኋላ ካሌንደሩን አወረደች፤ ቅዳሜዎቹን በቀይ እስክሪብቶ ልጅቷ ራሷ አከበበቻቸው። እስከ ጳጉሜ ድረስ ቆጥራ «ሁለት ይቀረኛል» አለችኝ።