ደሴ ውስጥ ፎቁ ባዶ ነው፣ ቤት ግን የለም

ሰሞኑን ደሴ ውስጥ ስለ ቤት ሲወራ ሁለት የማይገጥም ወሬ ትሰማላችሁ። አንዱ "ገበያው ሞቷል፣ ሱቅ የሚከራይ ጠፋ" ይላል። ሌላው "ኪራይ አልቀመስ አለ፣ ቤት አይገኝም" ይላል። ሁለቱም እውነታቸውን ነው።

ከፒያሳ ወደ ቧንቧ ውሃ ቀና እያላችሁ ሂዱ። ምድር ላይ ባንክ፣ ጎኑ ሞባይል ቤት፣ አንደኛ ፎቅ ላይ ካፌ ያለው ሕንፃ ታያላችሁ። ከዚያ በላይ "የሚከራይ" የሚል ፀሐይ ያነጣው ጨርቅ ተሰቅሏል። ከላዩ ያለው ወለል መስኮት እንኳ አልገባለትም፤ ፌሮው እንደቆመ ነው። ከሕንፃው ጀርባ ባለው ሰፈር ደግሞ አንዲት መምህርት ከደላላ ጋር ሁለት ክፍል ትፈልጋለች። የምታገኘው አንድ ክፍል፣ መጸዳጃው የጋራ፣ ውሃው በፈረቃ ነው። ከዋጋው በፊት የምትጠየቀው "ልጅ አለሽ ወይ?" ተብላ ነው። ይሄ ያናድደኛል።

ባዶው ፎቅ ታዲያ ለምን አይረክስም? ብዙው ሕንፃ የተሠራው ተከራይ ታስቦ ስላልሆነ ነው። ሰው ብሩን የሚያስቀምጥበት ቦታ አጣ። ሐምሌ 2016 የውጭ ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ፣ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር ብዙም ሳይቆይ ከ100 አለፈ። ጂዳና ሪያድ ሠርቶ የሚልክ የወሎ ልጅም፣ እዚሁ የሚነግድም፣ ገንዘቡ በእጁ እንዳይሟሟ ወደ መሬትና ሲሚንቶ ሮጠ። አልፈርድባቸውም። ግን ሕንፃ እንዲህ ሲሠራ ባለቤቱ ኪራይ ከሚቀንስ ባዶውን ቢያቆየው ይመርጣል። ኪራዩን ዝቅ ካደረገ የሕንፃውም ግምት ይወርድበታል፤ ገዢም ባንክም ኪራዩን ይጠይቃሉና።

ሱቅ ተከራዩም ቢሆን አቅሙ ተመቷል። በጥቅምትና ኅዳር 2014 ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲገባ መደብርና መጋዘን ተዘርፏል። ከዚያ ወዲህ ስንቱ ነጋዴ መነሻ ካፒታሉን እንዳጣ ሰኞ ገበያ ወርዶ መጠየቅ ነው። ሐምሌ 2009 የተመረቀው የኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክም በጦርነቱ ላይ ከአጎዋ፣ ማለትም ዕቃን ያለ ቀረጥ ወደ አሜሪካ ከማስገባት ዕድል፣ መታገድ ተጨመረበት። ደመወዝ ካልመጣ ልብስ የሚገዛ፣ ካፌ የሚቀመጥ ከየት ይመጣል?

መኖሪያው ሌላ ነው። ደሴ በጦሳ ተራራና በአዝዋ ገደል መሃል የተጨመቀች ከተማ ናት። ሜዳው ጥቂት፣ ሰው ግን በየዓመቱ ይጨምራል፤ ከገጠር የሚገባ አለ፣ የተፈናቀለ አለ፣ ተማሪ አለ። አዋጅ ቁጥር 1320/2016 የመኖሪያ ኪራይ ውል ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድሚያ ክፍያም ከሁለት ወር እንዳይበልጥ ደንግጓል። ደግ ሕግ ነው፤ ይከበር። ሕጉ ግን ያለውን ቤት ይጠብቃል እንጂ አዲስ ክፍል አይጨምርም።

የኔ ጥያቄ ለከተማ አስተዳደሩ ነው። የሊዝ ጨረታ ዋጋ መናሩን የከተማዋ ማደግ ምልክት አድርጋችሁ አትውሰዱት። ከፒያሳ እስከ ሸዋ በር ያለውን ባዶ ወለል በየቀበሌው ቁጠሩት። ሰው በእውነት የተዋዋለበትን ኪራይ ሰብስባችሁ ለጥፉት፤ ደላላ የሚጠራው ዋጋ ብቻውን ገበያ እንዳይሆን። ላይኛውን ፎቅ ወደ መኖሪያ መቀየር ለሚፈልግ ባለሕንፃም ፈቃዱን አቅልሉለት፤ ውሃውንና ፍሳሹን አብራችሁ እዩለት። ለንግድ ተብሎ የተሠራ ወለል ላይ ማድ ቤትና መጸዳጃ መጨመር ወጪ አለው፣ አውቃለሁ። ዓመት ሙሉ ባዶ ከሚቆም ወለል ግን ቤት ፈላጊውም፣ ባለቤቱም፣ ግብር ሰብሳቢውም ምንም አያገኙም። በ2017 የወጣው የንብረት ታክስ አዋጅ ተግባራዊ ሲሆን ደግሞ ባዶ ፎቅ ማቆየት ለባለቤቱም ይከብደዋል። ቆጠራው ከሚቀጥለው የሊዝ ጨረታ በፊት ይጀመር።