ድመቱ፣ ፒያኖውና ጋሼ

አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ከተማ፣ እኛ ሕንፃ ውስጥ አንድ አሜሪካዊ ሽማግሌ አሉ። እኔ በልቤ ጋሼ ነው የምላቸው። ጋሼ የድሮ ካርቱን ይሰበስባሉ። ያውም ያገኙትን አይደለም፤ ሙዚቃ ያለበትን ብቻ፣ በ16 ሚሊሜትር ፊልም።

ባለፈው እሁድ «ና፣ ቶምና ጄሪ ላሳይህ» አሉኝ። እኔ ሞኙ «እሱማ ስልኬ ላይም አለ» አልኩ። የእናታቸውን ፎቶ የረገጥኩ ያህል አዩኝ።

ጥቅሉን ከቆርቆሮው አወጡና መጀመሪያ አሸተቱት። ቅቤ ተራ የቆመች ባልቴት እንኳ እንዲህ አታሸትም። ለካ የድሮ ፊልም መበላሸት ሲጀምር አቼቶ አቼቶ ይላል። ሽታው ራሱ በሽታ ነው፤ አጠገቡ ያለው ጥቅል ላይም ይጋባል። የታመመው ለብቻው ይቀመጣል።

ቀጥሎ ቀለሙን በመብራት አዩ። ብዙ የድሮ ቅጂ ሲያረጅ ቀይ ይሆናል፤ ድመቱም ፒያኖውም በርበሬ የተነሰነሰባቸው ይመስላሉ። ጥንት ቴክኒከለር በሚባለው የቀለም ዘዴ የታተመው ግን ቀለሙ ንቅንቅ አይልም። ጋሼ ይህን ሲነግሩኝ ድምፃቸው ተንቀጠቀጠ።

ፊልሙ እ.ኤ.አ. የ1947ቱ ነው፤ ኦስካር የበላው። ቶም ሙሉ ልብሱን ግጥም አድርጎ የሙዚቃ ደራሲውን የሊስትን የሃንጋሪ ራፕሶዲ ቁጥር 2 በፒያኖ ይጫወታል። ፒያኖው ውስጥ የተኛው ጄሪ ይቀሰቀሳል። ከዚያ በኋላ ጦርነት ነው። የእኔን ነፍስ የሚወስዳት የቶም ፊት ነው። ጣቱ ወጥመድ ውስጥ ገብቶ እንኳ ኩራቱን አይጥልም።

ጣጣው ምን መሰላችሁ፣ በ1946 የሌላ ስቱዲዮ የካርቱን ጥንቸል፣ በግስ በኒም ያንኑ ሙዚቃ በፒያኖ ተጫውቷል፤ አይጥ እየረበሸው! ሁለቱ ስቱዲዮዎች «ሌባው አንተ ነህ» ተባባሉ። ጋሼ ጉዳዩን እንደ ጠበቃ 40 ደቂቃ ተከራከሩልኝ። ፊልሙ ራሱ 8 ደቂቃ አይሞላም።

በመጨረሻ የፊልም ማሳያው ማሽን ሊነሳ ሲል ፊልሙን ነከሰው። ጋሼ ላብ በላብ ሆኑ። ባለቤታቸው ከወጥ ቤት መጡ፣ እጃቸውን በሽርጣቸው ጠረጉ፣ ፊልሙን አላቀቁ፣ መልሰው አስገቡ፣ ሄዱ። አንድ ቃል አልተነፈሱም።

ግድግዳው ላይ ቶም ለፍቶ ለፍቶ ተዘረረ፤ ጭብጨባውን ጄሪ ወሰደው። እኔም አጨበጨብኩ። ጋሼ ከማሽኑ ኋላ ብድግ አሉና እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው እጅ ነሱ።

ከወጥ ቤት የሚታጠብ ሳህን ድምፅ ይሰማል።