ሽጉጥ በስሙ አይታመንም

ሽጉጥ ለመግዛት ያሰበ ሰው አስቀድሞ የሚያነሳው ጥያቄ «የትኛው ስሪት ይሻላል?» የሚል ነው። ጠያቂው አንድ ስም እንዲነገረው ይፈልጋል፤ መላሹም አብዛኛውን ጊዜ ራሱ የታጠቀውን ይጠራል። ከዚያ የኦስትሪያው፣ የጣሊያኑ፣ የጀርመኑ፣ የአሜሪካው እየተባለ ክርክሩ ይቀጥላል። ጥያቄው ግን ከመነሻው የተጣመመ ነው። ቤትንና ራስን ለመጠበቅ የሚያዝ ሽጉጥ የሚታመነው ያ በእጅ ያለው አንድ መሣሪያ ከነካዝናው (ጥይት ከሚደረደርበት መያዣው)፣ ከነጥይቱና ከነባለቤቱ ተፈትኖ ሲያልፍ ነው። ለፈተናው ጊዜና ገንዘብ ማውጣት የማይፈልግ ሰው ባይገዛ ይሻለዋል። የሚኖርበት አገር ሕግ የሚጠይቀውን ፈቃድ ማሟላት ደግሞ ከሁሉም በፊት ስለሚመጣ በእሱ ላይ ክርክር የለኝም።

ፈተና ምን ማለት እንደሆነ የገባቸው ሰዎች ከመቶ ዓመት በፊትም ነበሩ። የአሜሪካ ጦር አዲስ ሽጉጥ ለመምረጥ በማርች 1911 (ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የጆን ብራውኒንግን ንድፍ ከሳቬጅ ኩባንያ ሽጉጥ ጋር አፎካከረ። ከእያንዳንዳቸው 6,000 ጥይት ተተኮሰ። በየ100 ጥይቱ መሣሪያው እንዲቀዘቅዝ አምስት ደቂቃ ይሰጠዋል፤ በየ1,000ው ተወልውሎ ዘይት ይቀባል፤ ከመጠን በላይ ሲግል ውኃ ውስጥ ይነከራል። የብራውኒንግ ሽጉጥ 6,000ውን ያለ አንዳች እንከን ጨረሰ፤ ተፎካካሪው 37 ጊዜ ተሰናከለ። አሸናፊው ኤም 1911 ተብሎ እስከ 1985 ድረስ የጦሩ መደበኛ ሽጉጥ ሆኖ ኖረ። ብራውኒንግ ያኔም ቢሆን ስሙ የገነነ ሰው ነበር። ዳኞቹ ግን በስሙ አላለፉትም፤ መሣሪያው ፊታቸው እንዲተኮስ ጠየቁ።

ስሙ የገነነ መሣሪያ ሁሉ እንዲህ ያለ ታሪክ ብቻ የለውም። ጦሩ በ1985 ኤም 1911ን በጣሊያኑ ቤሬታ 92 ሲተካ፣ ከጥቂት ዓመታት በኋላ የአንዳንዶቹ የላይኛው ተንሸራታች ብረት እየተሰበረ ወደ ተኳሹ ፊት መስፈንጠሩ ታየ። ፋብሪካው ብረቱ ቢሰበር እንኳ ወደ ኋላ እንዳያመልጥ የሚይዝ ማሻሻያ ጨመረበት። በጃንዋሪ 2017 ደግሞ ጦሩ በሲግ ሳወር ፒ320 ላይ የተመሠረተ ሽጉጥ መረጠ። በዚያው ዓመት ለሕዝብ የሚሸጠው ፒ320 በተወሰነ አቅጣጫ ከወደቀ ቃታው ሳይሳብ ሊተኩስ እንደሚችል ታወቀና ኩባንያው በነጻ የማሻሻል አገልግሎት አቀረበ። በተቃራኒው የኦስትሪያ ጦር በ1982 የተቀበለው ግሎክ 17፣ አካሉ ከፖሊመር (ከጠንካራ ፕላስቲክ) በመሠራቱ መጀመሪያ ብዙዎች በጥርጣሬ ያዩት ነበር። ወደ 34 ከሚጠጉ ክፍሎች ብቻ የተገጣጠመው ይህ መሣሪያ ዛሬ በብዙ አገሮች ፖሊሶች ወገብ ላይ ይታያል። ብረት ስለሆነ ይጠነክራል፣ ፕላስቲክ ስለሆነ ይሰበራል የሚለው ግምት በዚህ ተሽሯል። እንደ እኔ ከሆነ ገዢው ለዓመታት በብዙ እጅ የተፈተነ፣ መለዋወጫው በቀላሉ የሚገኝ፣ ጉድለቱም በይፋ ታውቆ የታረመ ንድፍ ይምረጥ። ትናንት የወጣ አዲስ ሞዴል ለመጀመሪያዎቹ ሁለትና ሦስት ዓመታት ቢቆየው አይጎዳም።

ንድፉ ጥሩ ሆኖ ሳለ መሣሪያው እምቢ የሚልበት ጊዜ አለ። አንድ ጊዜ በተኩስ መለማመጃ ስፍራ እጅግ የተከበረ ስም ያለው፣ ተወልውሎ የሚያበራ ሽጉጥ በየሁለትና ሦስት ጥይቱ ሲነክስ አየሁ። ባለቤቱ ተበሳጭቶ ሽጉጡን መልሶ ሊሸጠው ይምላል። አሰልጣኙ ሽጉጡን አልነካም። ካዝናውን አወጣና ባዶ አድርጎ ወደ ብርሃን አዞረው፤ ከላይ ጥይቱን አቅፈው የሚይዙትን ሁለት ቀጫጭን የብረት ከንፈሮች በአውራ ጣቱ ዳሰሰ። አንደኛው ወደ ውጭ ተከፍቷል። ካዝናው ከዚያ በፊት ሲሚንቶ ላይ ወድቆ ኖሯል። ጥይቱ ከመጠን በላይ ቀና እያለ ይወጣና በሚጎርስበት የበርሜሉ የኋላ ክፍል ውስጥ በመግባት ፈንታ ከጠርዙ ጋር ይጋጫል። ሌላ ካዝና ሲገባለት ያው ሽጉጥ አንድም ሳይሰናከል ተኮሰ። በካዝና ከሚመገቡ ሽጉጦች ችግር ብዙው የሚመነጨው ከዚህች ርካሽ ቆርቆሮና በውስጧ ካለችው ሞላ ነው። በሽጉጥ ላይ ገንዘቡን አፍስሶ በካዝና ላይ የሚቆጥብ ሰው ግዢውን አልጨረሰም። የፋብሪካውን ካዝና ቢያንስ ሦስት ይግዛ፤ ቁጥር ይጻፍባቸው፤ የተሰናከለችው በቁጥሯ ትለይና ለልምምድ ብቻ ትዋል።

ስለ ጥይት ስፋት የሚደረገው ሙግት ለእኔ ያለቀ ነው። በኤፕሪል 1986 ማያሚ ውስጥ በተደረገ የተኩስ ልውውጥ ሁለት የኤፍቢአይ (የአሜሪካ ፌደራል የምርመራ ቢሮ) ባልደረቦች ሲገደሉ፣ መሥሪያ ቤቱ ጥፋቱን በከፊል በ9 ሚሊሜትር ጥይት ላይ ጣለ። ወደ 10 ሚሊሜትር፣ ቀጥሎም ወደ ባለ 0.40 ኢንች ጥይት ተሸጋገረ። ሩብ ምዕተ ዓመት ያህል ቆይቶ ወደ 9 ሚሊሜትር ተመለሰ፤ የጥይቱ አሠራር ተሻሽሎ ነበር፣ ባልደረቦቹም በትንሹ ጥይት ፈጥነውና አነጣጥረው ይመቱ ነበር። ከዚያ ክስተት የቀረ አንድ ጠቃሚ ነገር ግን አለ። ለመከላከያ የሚመረጥ ጥይት የሰውነት ሥጋን ተክቶ ለሙከራ በሚያገለግል ጄል ውስጥ በግምት ከ30 እስከ 45 ሴንቲሜትር ጠልቆ እንዲቆም የሚጠይቀው መለኪያ ያኔ የተጀመረ ነው። ከዚያ ያነሰ አጥቂውን አያቆምም፤ የበለጠው ደግሞ አልፎ ይሄዳል። ጫፉ የተቦረቦረና ሲመታ የሚሰፋ ጥይት፣ ሕጉ በሚፈቅድበት ቦታ፣ ለቤት የሚመረጠውም ለዚህ ነው። ሆኖም የትኛውም የሽጉጥ ጥይት ቀጭን የክፍል ግድግዳ ሊበሳ ይችላል። ከግድግዳው በስተጀርባ ማን እንደሚተኛ ሳያስብ ስለ ጥይት ኃይል የሚያወራ ሰው ነገሩን ከነአካቴው አልተረዳውም።

ትንሽ ሽጉጥ ለጀማሪ ይቀላል የሚለው እምነት ብዙ ሰው አሳስቷል። ኪስ ውስጥ የምትገባው ሽጉጥ ለመያዝ እንጂ ለመተኮስ አትቀልም። ክብደቷ ስለሚያንስ ክፉኛ ትራገጣለች፤ እጀታዋ አጭር ስለሆነ ትንሿ ጣት የምታርፍበት የላትም፤ በፊትና በኋላ ማነጣጠሪያዎቿ መካከል ያለው ርቀትም አጭር ነው። ቤት ለሚቀመጥ መሣሪያ መካከለኛው ወይም ትልቁ መጠን ይሻላል። የእጅ ጉልበቱ የደከመ ሰው ተንሸራታቹን ብረት ወደ ኋላ ስቦ ጥይት ማጉረስ መቻሉን ከመግዛቱ በፊት በራሱ እጅ ይሞክር፤ የሻጭ ማባበያ እዚህ ላይ አይሠራም። ካቃተው ጥይቱ በሚሽከረከር ከበሮ ውስጥ የሚቀመጥለት ሪቮልቨር አለ። ሪቮልቨር ጥይት ሲከሽፍበት ቃታውን እንደገና መሳብ ብቻ ይበቃል፤ ካዝናም የለውም። ቃታው ግን ከባድ ነው፣ ብዙውን ጊዜ የሚይዘው አምስት ወይም ስድስት ጥይት ነው፣ ከበሮው ከተቆለፈ ደግሞ እዚያው በእጅ የሚፈታ አይደለም።

ወደ ፈተናው ልመለስ። አዲስ ሽጉጥ ተገዝቶ፣ ዘይት ተቀብቶ ቁም ሣጥን ውስጥ መግባት የለበትም። ባለቤቱ ወደ መለማመጃው ወስዶ በርካሹ ጥይት ጥቂት መቶ ይተኩስበት፤ ከዚያ ለመከላከያ ሊያስቀምጠው ካሰበው ዓይነት ጥይት ቢያንስ 200 ያህል በሁሉም ካዝናዎች አከፋፍሎ ይተኩስ። የመከላከያው ጥይት ውድ ነው፤ ብዙ ሰው በዚህ ምክንያት አንድ ካዝና ተኩሶ ይተወዋል። ጫፉ የተቦረቦረው ጥይት ቅርጹ ከመደበኛው ስለሚለይ፣ መደበኛውን እንደ ውኃ የሚያንቆረቁር ሽጉጥ በእሱ ሊነክስ እንደሚችል ግን አያውቅም። ሽጉጡ በተሰናከለ ቁጥር የትኛው ካዝና እንደነበር፣ ምን እንደተፈጠረ ይመዝገብ። የተተኮሰው ጥይት ቀለህ (ባዶ ቤቱ) በደንብ ሳይወጣ ቀርቶ በመውጫው ቀዳዳ ላይ ቆሞ ከተገኘ፣ ጥፋተኛው ተኳሹ ራሱ ሊሆን ይችላል። የእጁ አንጓ ሲልፈሰፈስ መሣሪያው ዑደቱን የሚጨርስበትን ድጋፍ ያጣል። አጥብቆ የሚይዝ ሰው ያንኑ ሽጉጥ ይተኩስበትና ይታይ። ለእሱ የማይሰናከል ከሆነ የሚጠገነው አያያዙ ነው፤ ለሁሉም የሚሰናከል ከሆነ ሽጉጡ ወደ ባለሙያ ይሂድ።

ስለ ጥንካሬ ሲነሳ ሰው የሚያስበው ስለ ብረቱ ነው። በቤት ሽጉጥ ላይ ግን ከተኩስ ይልቅ ላብ፣ እርጥበትና ችላ መባል ይበረታሉ። የቆዳ ማኅደር እርጥበት ስለሚይዝ ሽጉጥን በእሱ ውስጥ አድርጎ ለወራት ማስቀመጥ ዝገትን መጥራት ነው። ዘይት ማብዛትም ጥፋት ነው፤ አቧራ ያጣብቃል፣ ጥይቱ ላይ ከተንጠባጠበም ባሩዱን ሊያበላሽ ይችላል። የተንሸራታቹ ሞላ ደግሞ የሚያልቅ ዕቃ ነው፤ በመመሪያው የተጻፈው የጥይት ቁጥር ሲደርስ፣ ሳይሰበር፣ ይቀየራል። አንድ ብዙም የማይወራ ነገር ልጨምር። ያንኑ ጥይት በየቀኑ ማውጣትና መልሶ ማጉረስ እርሳሱን ቀስ በቀስ ወደ ቀለሁ ውስጥ ይገፋዋል፤ እንዲህ ያጠረ ጥይት ሲተኮስ ግፊቱ በአደገኛ መጠን ይጨምራል። ከሌሎቹ አጠገብ አቁመው ሲያዩት አጥሮ የተገኘ ጥይት አይተኮስም።

ካዝናውን ስላወጡ ብቻ ሽጉጡ ባዶ ሆኗል ብለው ሊወለውሉ የተቀመጡ ስንት ሰዎች ራሳቸውን ወይም የቤታቸውን ሰው መትተዋል። አንድ ጥይት ጎርሶ ይቀራል። መጀመሪያ ካዝናው ይወጣል፤ ቀጥሎ ብረቱ ወደ ኋላ ተስቦ ጥይት የሚጎርስበት የበርሜሉ የኋላ ክፍል በዓይንም በጣትም ይታያል። ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ፣ ካዝናው ሳይወጣ የተሳበው ብረት ሌላ ጥይት አጉርሶ ይመለሳል። አፈሙዙም ባዶ ነው በተባለ ጊዜ እንኳ ወደ ሰው አይዞርም።

አሁን ከሁሉ የሚከብደኝን ነገር ልናገር። በ2020 ኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲሲን ላይ የወጣ ጥናት ወደ 26 ሚሊዮን የሚጠጉ የካሊፎርኒያ ነዋሪዎችን ለዓመታት ተከታትሏል። ሽጉጥ ያላቸው ወንዶች ከሌላቸው ወንዶች ይልቅ ራሳቸውን በጥይት የማጥፋት ዕድላቸው ስምንት እጥፍ፣ የሴቶቹ ደግሞ 35 እጥፍ ገደማ ሆኖ ተገኘ። ይህ ቁጥር ማንም ራሱን እንዳይጠብቅ ይከለክላል አልልም። ሽጉጥ ሻጭ በመደርደሪያው ላይ የማይለጥፈው፣ ገዢው ግን አስቀድሞ ሊያውቀው የሚገባ ቁጥር ነው። የሌሊት ሌባ ላይመጣ ይችላል፤ ልጅ፣ ንዴትና ተስፋ መቁረጥ ግን በየትኛውም ቤት ያሉ ናቸው።

ስለዚህ በጀት ሲያዝ የሽጉጡ ዋጋ ብቻ አይቆጠር። ከግድግዳ ወይም ከአልጋ ጋር በብሎን የሚታሰር፣ በጨለማ በጣት ተዳስሶ የሚከፈት የብረት ሳጥን ይገዛ፤ ቁልፉን ወይም ቁጥሩን የሚያውቁት ፈቃድ ያላቸው ሰዎች ብቻ ይሁኑ። ትራስ ሥር፣ ቁም ሣጥን አናት ላይ፣ መሳቢያ ውስጥ ከልብስ በታች ማስቀመጥ መደበቅ ነው፤ ልጆች ደግሞ የተደበቀ ነገር ያገኛሉ። ከሳጥኑ ጎን የእጅ ባትሪ ይቀመጥ፤ በሌሊት ኮሽታ የሰማ ሰው ቃታ ከመሳቡ በፊት ያየው ሰው ማን እንደሆነ ማወቅ አለበት፣ ወደ ኩሽና የሚሄደው የገዛ ልጁ ሊሆን ይችላልና። የተኩስ ሥልጠናው ክፍያና የዓመቱ የልምምድ ጥይትም ከዚሁ በጀት ይቆረጥ። እነዚህን ከደመሩ በኋላ ገንዘቡ ካልበቃ፣ ከሽጉጡ ዋጋ ይቀነስ፤ ዝናው ያነሰ ግን የተፈተነ ሽጉጥ ከሳጥንና ከሥልጠና ጋር፣ ብቻውን መሳቢያ ውስጥ ከተወረወረ ውድ ሽጉጥ ይበልጣል። በቤቱ ውስጥ ተስፋ የቆረጠ፣ ከባድ ሐዘን ላይ ያለ ወይም በመጠጥ የተጠመደ ሰው ካለ ደግሞ ያ ሰው እስኪያገግም ድረስ ሽጉጡ ሕጉ በሚፈቅደው መንገድ ከቤት ወጥቶ ለታመነ ዘመድ ወይም ለፖሊስ በአደራ ይሰጥ፤ ባለቤቱ ራሱ ያ ሰው ከሆነም እንዲሁ ያድርግ።