ሣጥን ወይስ ሰው? የሁለት አብራሪዎች ክርክር

ቨርጂኒያ የሚኖር አንድ ወጣት የበረራ አስተማሪ 1,500 የበረራ ሰዓቱን ሊሞላ ትንሽ ቀርቶታል። አሜሪካ ውስጥ አየር መንገድ ለመቀጠር በአብዛኛው የሚጠየቀው ይህን ያህል ነው። ጥያቄው አጭር ነው፦ «ካርጎ ልግባ ወይስ መንገደኛ?» በረራ አብረው የተማሩ ሁለት ሐበሾች እንዲመልሱለት ጠየቅን። እሷ ከሉዊቪል፣ ኬንታኪ የጭነት አውሮፕላን ታበራለች። እሱ ከዋሽንግተን ደለስ አውሮፕላን ማረፊያ መንገደኛ ያመላልሳል። ስማችን ይቅር ስላሉ ቅጽል ስም መርጠዋል።

የሌሊት ወፍ፦ ልጁ ካርጎ ይግባ። ሣጥን አያማርርም። «ለምን ዘገየን?» አይልም፣ ሰክሮ ከጎረቤቱ ጋር አይጣላም፣ ሽንት ቤት ገብቶ ሲጋራ አይለኩስም። በሩ ከተዘጋ ሁለት ሰው ነን፣ አለቀ። አንዳንዴ ከኋላ ፈረስ ይኖራል፤ ኬንታኪ አይደል ያለሁት? አንድ ሌሊት እግሬን ላፍታታ ተነስቼ አየኋቸው። ሦስት ነበሩ። ጠባቂያቸው ድርቆሽ ያቀብላቸዋል። ስናርፍ ቀስ እንድንል ብቻ ለመነኝ። ምግቤን የምይዘው ራሴ ነኝ። 35,000 ጫማ ላይ በሶ በጥብጬ ስጠጣ ካፒቴኑ «ሲሚንቶ ነው?» ብሎኛል።

ደግሞ 2020ን አስታውስ። ሰው መብረር ሲያቆም ሣጥን አላቆመም፤ እንዲያውም ባሰበት። የኛው የኢትዮጵያ አየር መንገድ የመንገደኛ አውሮፕላን መቀመጫ እየነቀለ ጭነት ጭኖበታል። ያን ዓመት ኦክቶበር ላይ አሜሪካንና ዩናይትድ የሚባሉት አየር መንገዶች አንድ ላይ ከ30,000 በላይ ሠራተኛ ቤታችሁ ቆዩ ብለዋል። አንተስ ያኔ ምን ትሠራ ነበር? ንገረው እንጂ ለልጁ።

የቀን ሰው፦ እቃ አደርስ ነበር፣ በመኪና። አንቺ ሌሊት ያመጣሽውን እኔ ቀን በየበሩ አስቀምጥ ነበር። ግን ታሪኩን እዚያ ላይ አትቁረጪው። በ2023 ጭነት ሲቀዘቅዝ የጭነት ኩባንያው ፌዴክስ ለራሱ አብራሪዎች ፒኤስኤ የሚባል አነስተኛ የመንገደኛ አየር መንገድ ሄደው እንዲሠሩ አማራጭ አቀረበላቸው። በዚያው ዓመት የመንገደኛው አየር መንገድ ዴልታ በአራት ዓመት ውስጥ ደመወዝ 34 በመቶ የሚጨምር ውል ፈረመ። ስለዚህ ገንዘቡን እንተወው፤ አንዴ ወዲህ አንዴ ወዲያ ነው።

ልጁ መጠየቅ ያለበት ስለ እንቅልፍ ነው። በ2009 ቡፋሎ አጠገብ አንዲት የመንገደኛ አውሮፕላን ወድቃ 50 ሰው ሞተ። የአብራሪዎቹ ድካም መነጋገሪያ ሆነ፣ ኮንግረስ ሕግ አወጣ። ከጃንዋሪ 2014 ጀምሮ እኔ ሥራ ከመግባቴ በፊት 10 ሰዓት እረፍት አለኝ፤ ከዚያ ውስጥ ስምንቱ ሳልቋረጥ የምተኛበት ነው። ሌሊት ሥራ ከጀመርኩ የሥራ ሰዓቴ ያጥራል። ካርጎ ግን ከደንቡ ወጣ። ምክንያቱ? ወጪው ከጥቅሙ ይበልጣል ተባለ። አንድ ሰማይ፣ አንድ ዓይነት ሰው፣ ሁለት ዓይነት እንቅልፍ!

ኦገስት 14 ቀን 2013 ደግሞ የዩፒኤስ የጭነት አውሮፕላን፣ ኤርባስ ኤ300፣ ከአንቺው ሉዊቪል ተነስቶ በርሚንግሃም፣ አላባማ ሊያርፍ ሲል ጎህ ሳይቀድ ወደቀ። ሁለቱም አብራሪዎች ሞቱ። በድምፅ መቅጃው ላይ የሚሰማው ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ። ስለ ድካማቸው፣ ስለዚሁ ካርጎን ስለተወው ደንብ ሲያወሩ ነበር።

የሌሊት ወፍ፦ አውቃለሁ። ግን ሪፖርቱን እስከ መጨረሻው አንብበው። መርማሪዎቹ ዋናው ምክንያት ያሉት አወራረዳቸው ተዛብቶ ሳለ መቀጠላቸውን ነው። ስለ ረዳት አብራሪዋ ድካም ሲጽፉም የእረፍት ጊዜዋን በአግባቡ አልተጠቀመችበትም ብለዋል። ይህን የምለው ደንቡ ትክክል ነው ብዬ አይደለም። አይደለም። እኔም አፍሬበታለሁ። ግን ሌሊት መሥራት ራሱን የቻለ ሙያ ነው፤ ይለመዳል።

እንዴት እንደሆነ ልንገርህ። እኩለ ሌሊት አካባቢ አውሮፕላኖቹ ከየከተማው እየመጡ ሉዊቪል ይደረደራሉ። ሣጥኑ በማሽን ሲለይ እኛ አልጋ ብቻ የሚያስገባ ክፍል ውስጥ ጋደም እንላለን። መብራት የለም፣ ስልክ ዝም። አንድ ሰዓት ተኩል ከተኛሁ ሌላ ሰው ሆኜ ነው የምነሳው። ቤት ስደርስ ጥቁር መጋረጃ፣ የጆሮ መድፈኛ። እናቴ ቀን ቀን አትደውልም፤ አንዴ ደውላ ቁጣዬን ሰምታለች። አንድ ሳምንት ከሠራሁ ደግሞ የሚቀጥለው ሳምንት የኔ ነው። ያንተ ሪዘርቭስ፣ ተጠባባቂነቱ? ስልክ ታቅፎ ሻንጣ በር ላይ አስቀምጦ መጠበቅ እሱ እንቅልፍ ነው?

የቀን ሰው፦ ሪዘርቩን አምኛለሁ። መጥፎ ነው። ግን «ሣጥን አይናገርም» ያልሽው ላይ ልመለስ። ችግሩ እሱ ነዋ! ሴፕቴምበር 2010 ከዱባይ የተነሳ የጭነት ቦይንግ 747 ውስጥ የሊቲየም ባትሪ ጭነት በእሳት ተያያዘ። ጭሱ ከፊታቸው ያለውን መሣሪያ እንኳን አላሳያቸውም። ሁለቱም አልተረፉም። በ2013 ደግሞ ባግራም፣ አፍጋኒስታን ከባድ ወታደራዊ ተሽከርካሪ የጫነ 747 ሲነሳ ጭነቱ ተፈታ፤ ሰባት ሰው አለቀ። ሰው ሲያልበው ይነግርሻል። ሣጥን ግን ከኋላሽ ቁጭ ብሎ ይግላል።

ሌላም አለ። ባለፈው ክረምት አንዲት እናት ነጠላ ለብሰው ገቡ። ከአዲስ አበባ መጥተው ወደ ሚኒያፖሊስ፣ ልጃቸው ጋ ነው የሚሄዱት። በር ላይ ቆሜ «እንደምን አደሩ እማማ» አልኳቸው። ደነገጡ። «አንተ ነህ የምታበረው?» አሉኝ። አዎ ስል ፊቴን በሁለት እጃቸው ይዘው መረቁኝ። ከኋላቸው ሰልፉ ቆመ፤ ማንም ምንም አላለም። ወርደው ሲሄዱ ከዳቦ ቆሎአቸው ሰጡኝ። የአንቺ ፈረስ መርቆሽ ያውቃል?

የሌሊት ወፍ፦ እሺ፣ እማማዋን ቀናሁብህ። ፈረሱ ነክሶኛል፤ ሳልነግርህ የቀረሁት እሱን ነው።

ልጁን ግን እውነቱን እንንገረው። አሜሪካ ውስጥ ሁሉም ነገር ሲኒየሪቲ፣ የቅጥር ቅድሚያ፣ ነው። የምታበረው አውሮፕላን፣ ካፒቴን የምትሆንበት ዓመት፣ የምታርፍበት ቀን፣ ሁሉም በተቀጠርክበት ቀን ይወሰናል። አየር መንገድ ከቀየርክ ከታች ትጀምራለህ። ስለዚህ እንደ ወላዋይ አትሁን።

የቀን ሰው፦ በዚህ አልከራከርሽም። አንድ ነገር ብቻ ልጨምር፣ ለሐበሻ ብቻ የሚሠራ። ሲኒየሮቹ ዲሴምበር 25ን ይሻማሉ። የኛን ገና፣ ጃንዋሪ 7ን፣ ማንም አይጠይቅም። አዲስ ገብተህም ታገኘዋለህ። ፋሲካም እንደዚያው።

የሌሊት ወፍ፦ ካርጎ ላይማ ይበልጥ ነው! የበዓል ጥድፊያው ዲሴምበር ላይ ያልቃል፤ ጃንዋሪ ላይ ጭር ይላል። ስድስት ገና ቤቴ ነው ያሳለፍኩት። ግን በ2025 የኛና የፈረንጆቹ ፋሲካ ኤፕሪል 20 ላይ ገጠሙ። የት ዋልክ?

የቀን ሰው፦ ሪዘርቭ። አንቺስ?

የሌሊት ወፍ፦ አንኮሬጅ፣ ሆቴል። ዶሮ ወጡን በማይክሮዌቭ አሙቄ የእሳት ደወሉን አስጮህኩት።